ሳሙናውን ስንት ጊዜ ቀየርሽ?

«ጤና ይስጥልኝ። የሰባት ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ከሦስተኛ ወሩ ጀምሮ ጉንጩ፣ ክንዱና ጉልበቱ ላይ ችፌ ወጥቶበታል። ሐኪም አይቶት ቅባትና ክሬም አዞለታል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ልብሱ ነው። በሁለት ወር ውስጥ አራት ዓይነት የልብስ ሳሙና ቀይሬያለሁ። አንዱ ‹ለሕፃናት› ይላል፣ አንዱ ‹ከተፈጥሮ የተሠራ›፣ አንዱ ‹አለርጂ የማያስነሳ›። አማቴ ኢንዛይም ያለበት ሳሙና ቆዳውን እየበላው ነው ይላሉ። ጓደኛዬ ሐር ካላለበስሽው አይድንም አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ ሁሉም ሳሙና አንድ ነው፣ ራስሽን አታድክሚ ይላል። እናቴ በእጇ የሠራችለት የሱፍ ሹራብም አለ። ላልብሰው ወይስ ላስቀምጠው? እባክዎ፣ የትኛውን ሳሙና ልግዛ?
የደከማት እናት»

እህቴ፣ ፊርማሽን አይቼ ሳልፈልግ ሳቅኩ። የኔም ፊርማ ነበር። ሁለተኛዋ ልጄ በአራት ወሯ ችፌ ያዛት። አንድ ቀን መደርደሪያ ሳጸዳ ተጀምረው የተተዉ ስድስት የሳሙና ዕቃዎች አገኘሁ። ስድስቱም «ለስስ ቆዳ» ይላሉ። ከስድስቱ አንዱም ልጄን አላዳናትም።

መልሱን ቀድሜ ልስጥሽ፣ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ሽቶና ማቅለሚያ ያልተጨመረበት ማንኛውም ተራ የልብስ ሳሙና ይበቃሻል። አሁን ከምትጨምሪው መጠን ቀንሺ። ደጋግመሽ አለቅልቂ። ማለስለሻውን ተዪው። ሳሙና በመፈለግ የምታጠፊውን ጊዜ ደግሞ ለቅባቱ ስጪው። ባለቤትሽ «ሁሉም ሳሙና አንድ ነው» ማለቱ ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። ግን ከሁላችሁም ለእውነቱ የቀረበው እሱ ነው። (እንዳትነግሪው።)

ችፌን ሳሙና አያመጣውም። የቆዳው የላይኛው ሽፋን ሥራውን በደንብ መሥራት ሲያቅተው የሚመጣ ነገር ነው። ጣራው የሚያፈስ ቤት አስቢ። ከውስጥ ያለው እርጥበት ያመልጣል፤ ከውጭ ያለው የሚያስቆጣ ነገር ደግሞ ሰተት ብሎ ይገባል። በ2006 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ፊላግሪን የሚባለውን የቆዳ ፕሮቲን በሚያሠራው ዘረመል ላይ ያለ ጉድለት ለችፌ በጣም እንደሚያጋልጥ አሳይተዋል። ችፌ ያለበት ሁሉ ይህ ጉድለት አለበት ማለት አይደለም። ግን ብዙውን ጊዜ ከዘር የሚመጣ ቆዳ ነው፤ አንቺ አጥበሽ ያመጣሽው አይደለም። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በይ፤ ከደብዳቤሽ ውስጥ ራስሽን ስትወቅሺ ይሰማኛል።

ጣራው በሚያፈስ ቤት ውስጥ ግን ካፊያም ያስቸግራል። ሳሙናው ጣልቃ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለት መንገድ። አንደኛው ማስቆጣት ነው። ጨርቁ ላይ የቀረው ሳሙና ላብ ሲነካው ይሟሟና ቆዳውን ያደርቃል፣ ያሳክካል። ይህ ማንም ላይ ሊደርስ ይችላል፤ የሚወስነው መጠኑ ነው። ሁለተኛው እውነተኛ አለርጂ ነው። እሱ ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት ለአለርጂ ምርመራ የመጡ 738 ሰዎች በልብስ ሳሙና ተፈትሸው ነበር። አለርጂ የተገኘባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። ስለዚህ ሥራሽ «አለርጂ የሚሆንበትን ሳሙና» ማሳደድ ሳይሆን ልብሱ ላይ የሚቀረውን ነገር መቀነስ ነው። ይህን ከያዝሽ የቀረው ሁሉ ይቀልሻል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የልጅሽ ጉንጭ ምን ለብሷል? ምንም። ዋናው ጥፋተኛ የልብሱ ሳሙና ቢሆን ኖሮ ሽፍታው የሚበረታው ልብስ በሚጠብቅበትና በሚፋተግበት ቦታ ነበር። ወገቡ ዙሪያ፣ አንገቱ ሥር፣ በብብቱ ጠርዝ። ፊቱና እጁ ነጻ ይወጡ ነበር። አንቺ የጻፍሽልኝ ግን ጉንጭ፣ ክንድና ጉልበት ነው። ይህ በዚህ ዕድሜ ያለ የተራ ችፌ መልክ ነው። ጉንጩን ለሀጩ ያረጥበዋል፤ ጉልበቱና ክንዱ ደግሞ መዳህ ሲጀምር ምንጣፉን ይፈትጋሉ። ዳይፐር የሚሸፍነው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው፣ እርጥበት ስለማይለየው። እዚያ ቦታ ሽፍታ ካየሽ ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሪው።

ጉንጩ የሚነካው ጨርቅ የለም ማለቴ ግን አይደለም። አለ፤ ያንቺ ትከሻ። እኔ የልጄን ቱታዎች ለብቻ፣ በስንት ጥንቃቄ አጥብ ነበር። የኔን ሹራብ ግን በማለስለሻ አጥቤ፣ አንገቴ ላይ ሽቶ ነፍቼ፣ ከዚያ ጉንጯን እዚያው አስደግፌ አስተኛታለሁ! ይህን ለማስተዋል ወራት ፈጀብኝ። የልጁን ልብስ ለብቻ ማጠብ አያስፈልግሽም። ይልቅ የቤተሰቡን ሁሉ ልብስ በዚያው ሽቶ በሌለው ሳሙና እጠቢ። አልጋ አንሶላው፣ ፎጣው፣ የምታዝዪበት ጨርቅ፣ የአባቱ ሸሚዝ፣ ሁሉም። አንድ ሳሙና፣ አንድ እጥበት፣ ግማሽ ድካም።

አሁን አራቱ ሳሙናዎች ለምን እንዳምታቱሽ ልንገርሽ። ችፌ በራሱ ጊዜ ይነሳል፣ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። እናት ሳሙና የምትቀይረው መቼ ነው? በጣም ሲብስበት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክክ ያደረ ቀን። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ብዙ ጊዜ መብረዱ አይቀርም፤ ሳሙናውን ብትቀይሪም ባትቀይሪም። አዲሱ ሳሙና ምስጋናውን ይወስዳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሲነሳ ደግሞ ያው ሳሙና ጥፋተኛ ይሆናል። በዚህ ዓይነት ሁሉም ሰው «እኔን ያዳነኝ ይህ ነው» የሚለው ሳሙና አለው፤ ሁሉም በቅንነት ነው የሚናገረው። ስለዚህ ስትሞክሪ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። ቢያንስ ሦስት ሳምንት ጠብቂ። ክሬሙን ከጀመርሽበት ሳምንት ጋር አታጋጥሚው፣ አለበለዚያ የትኛው እንደሠራ አታውቂም። ስልክሽ ላይ በየሦስት ቀኑ ያንኑ ቦታ በዚያው ብርሃን ፎቶ አንሺ። የእናት ትዝታ በእንቅልፍ እጦት ወቅት አይታመንም፤ የራሴን ማለቴ ነው።

ወደ ጽሑፉ እንምጣ፣ ዕቃው ላይ ወዳለው። መጀመሪያ የምትፈልጊው ቃል «ሽቶ ያልተጨመረበት» የሚለውን ነው። «ሽታ አልባ» የሚለው ግን ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ሽታ አልባ ምርት የኬሚካሉን ሽታ የሚሸፍን ሌላ ሽቶ ተጨምሮበታል። አፍንጫሽ ምንም አይልሽም፣ ቆዳው ግን ያገኘዋል። ገልብጠሽ የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር እዪ። ሊናሎል፣ ሊሞኒን፣ ጄራኒዮል የመሳሰሉ ስሞች ካሉ ሽቶ አለበት። «ለሕፃናት» የሚለውን ከሌሎች በተለየ አጥብቀሽ አንብቢ። የሕፃን ሽታ እንዲሸትልን ስለምንወድ፣ ብዙዎቹ የሕፃናት ሳሙናዎች ሽቶ አላቸው። «ከተፈጥሮ የተሠራ» ሲልም እንደዚያው ነው። የላቬንደርና የብርቱካን ዘይት ከተፈጥሮ ናቸው፤ ሊናሎልና ሊሞኒንም የሚገኙት እነሱ ውስጥ ነው።

«አለርጂ የማያስነሳ» ስለሚለው አንድ የምወዳት ታሪክ አለች። በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ በ1975 እ.ኤ.አ. ይህን ቃል የሚለጥፍ የመዋቢያ አምራች በሙከራ ያረጋግጥ የሚል ደንብ አወጣ። አምራቾች ከሰሱ። በ1977 ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። እዚያ አገር ቃሉ እስከ ዛሬ ሕጋዊ መለኪያ የለውም። የሚለጥፈው ሰው የፈለገውን ይላል ማለት ነው። የሚያስተማምንሽ ጀርባው ላይ ያለው ዝርዝር እንጂ ፊት ለፊት ያለው ቃል አይደለም።

ፈሳሽ ይሻላል ወይስ ዱቄት ብለሽ ትጠይቂኝ ይሆናል። ፈሳሹ ውሃ ስላለበት እንዳይበላሽ መከላከያ ይጨመርበታል። ከነዚህ አንዱ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባለው ነው። ብዙ ሰው ላይ አለርጂ ከማምጣቱ የተነሳ በንክኪ የሚመጣ የቆዳ ቁጣን የሚያጠኑ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. «የዓመቱ አለርጂ አምጪ» ብሎ ሰይሞታል። የአውሮፓ ኅብረትም ቆዳ ላይ ተቀብተው ከሚቆዩ መዋቢያዎች አስወጥቶታል። ታጥቦ በሚሄድ ሳሙና ውስጥ ስጋቱ ያነሰ ነው። ዱቄቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት መከላከያ አያስፈልገውም። የዱቄቱ ችግር በቀዝቃዛ ውሃ ሳይሟሟ ቀርቶ ስፌት ውስጥ መሸሸጉ ነው። ዱቄት ከወደድሽ መጀመሪያ በሞቀ ውሃ አሟሚው። እኔ ብሆን በዚህ ላይ እንቅልፍ አላጣም። ብቻ በስስ ፕላስቲክ የታሸገውንና አንድ አንዱ ከነሽፋኑ ማሽን ውስጥ የሚጨመረውን ሳሙና መዳህ የሚጀምር ልጅ ባለበት ቤት አታስገቢ። ከረሜላ ይመስላል፤ ውስጡ የተጠራቀመ ኃይለኛ ፈሳሽ ነው፤ አፍና ዓይን ላይ ሲፈነዳ ከባድ ጉዳት ያደርሳል።

ስለ ኢንዛይም፣ ማለትም እድፍን ስለሚሰባብረው ንጥረ ነገር፣ አማትሽን አትቀየሚያቸው። ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ኢንዛይም የሚቀላቀልባቸው ፋብሪካዎች ውስጥ ብናኙን የሚተነፍሱ ሠራተኞች አስም ይዟቸው ነበር። ከዚያ በኋላ አምራቾች ኢንዛይሙን ብናኝ በማይወጣው ጥቃቅን ፍሬ መልክ መሸፈን ጀመሩ። ኢንዛይሙ ተሸፈነ፣ ወሬው ግን ሳይሸፈን ቀረ። ቤት ውስጥ ታጥቦ የተለቀለቀ ልብስ ላይ ግን ኢንዛይም ችፌን እንደሚያብስ ተመራማሪዎች ፈልገው ማስረጃ አላገኙም። እንዲያውም ልጁ ያስመለሰው ወተት ፕሮቲን ስላለበት በደንብ የሚያስለቅቀው ኢንዛይም ያለበት ሳሙና ነው። እሱ ከሌለ ማን ይሠራዋል? አንቺ፣ በብዙ ሳሙናና በብዙ ፍተጋ። ለቆዳውም ለጨርቁም ያ ይብሳል። ለአማትሽ የፋብሪካውን ታሪክ ንገሪያቸው፤ በከፊል ልክ መሆናቸው ደስ ይላቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ማለቅለቁ። ብዙዎቻችን ሳሙና የምንጨምረው በዓይን ነው። አረፋ ካላየን የታጠበ አይመስለንም። አረፋ ግን የንጽህና ምልክት አይደለም፤ ከልክ በላይ የጨመርሽ መሆኑን ነው የሚነግርሽ። የሕፃን ልብስ ወተት እንጂ ግራሶ አልነካውም። ዕቃው ላይ ትንሽ ለቆሸሸ ልብስ ተብሎ የተጻፈውን መጠን ያዢና በሱ ላይ እርጊ። ማሽን ካለሽ እስከ አፉ አትሙዪው፤ ልብሱ ካልተገላበጠ ውሃ አያገኘውም። ተጨማሪ ማለቅለቂያ የሚል ቁልፍ ካለው ተጫኚው። በእጅሽ ከሆነ የምታጥቢው ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀይሪ፣ በየመሃሉም ጨምቂ። መጭመቁን አትዝለዪ። ሳሙናውን ይዞ የሚወጣው ያ የሚጨመቀው ውሃ ነው።

ማረጋገጥ ከፈለግሽ ቀላል ነው። ታጥቦ የደረቀ አንድ ቱታ ውሰጂ። በንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ነክረሽ በእጅሽ እያገላበጥሽ አራግፊው። ውሃው ካደፈረሰ ወይ አረፋ ከሠራ፣ ሳሙና እያለበሽው ነበር ማለት ነው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ስሞክር የታጠበው ልብስ ውሃ ወተት መሰለ። ያን ቀን አዲስ ሳሙና አልገዛሁም።

ውሃችሁ ማዕድን የሚበዛበት ከሆነ፣ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይተዋል። እንዲህ ባለ ውሃ ደረቅ የልብስ ሳሙና አይመከርም። ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆንና ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። ለልብስ ተብሎ የተሠራው ዱቄት ወይም ፈሳሽ ይህ ጣጣ ያንሰዋል። ውሃ የሚያለሰልስ መሣሪያ እንግዛ ወይ ትዪ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር 336 ችፌ ያለባቸው ልጆች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከ12 ሳምንት በኋላ መሣሪያው የተገጠመላቸው ልጆች ካልተገጠመላቸው የተሻለ አልዳኑም። ገንዘብሽን ያዢ።

የልብስ ማለስለሻ ሥራው ጨርቅ ላይ መቅረት ነው። ታጥቦ እንዲሄድ አልተሠራም። ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ሽቶ አለበት፣ ጥጡም ላብ መምጠጡን ይቀንሳል። ሽቶ የሌለው ማለስለሻ ቆዳ ይጎዳል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለም፤ ይህን የምልሽ እንዳልዋሽሽ ነው። ግን ለምን? ልብሱ ደርቆ ከጠነከረብሽ ከመስቀልሽ በፊትና ካወረድሽው በኋላ አራግፊው፣ በእጅሽም እሺው። ኮምጣጤ በማለቅለቂያው ውሃ የሚጨምሩ አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም፣ ከሁለት ዙር ንጹሕ ውሃ ይበልጣል ብዬም አላምንም። የማስጠነቅቅሽ አንድ ነገር ነው። ኮምጣጤና በረኪና አንድ ላይ አታገናኚ፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። በረኪና ለዚህ ልጅ የዕለት ልብስ አያስፈልግሽም።

ስለ ልብሱ ደግሞ። ጥጥ ይመረጣል ሲባል ሰምተሻል። እውነት ነው። ግን ጥጥ መድኃኒት ስለሆነ አይደለም፤ ለስላሳ ስለሆነ፣ አየር ስለሚያስገባና ሙቅ እጥበት ስለሚችል ነው። የሚታጠፍ ስፌት፣ አንገቱ ላይ የተሰፋች መለያ፣ የሚያጠብቅ ላስቲክ፣ እነዚህ ያሉበት ጥጥ ከጥሩ ሌላ ጨርቅ ይብሳል። መለያዋን ስትቆርጪ ክሯ ጭምር እንድትወጣ አድርጊ፤ የቀረችው ጫፍ እንደ እሾህ ናት። ውስጥ ልብሱን ገልብጠሽ አልብሺው፣ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን። ሰው ካየ ይይ። ልብሱ ሰፋ ይበል፤ ጠባብ ጉልበት ያለው ሱሪ የሚዳህ ልጅ ላይ ቀኑን ሙሉ ይፈትጋል። አዲስ ልብስ ሳይታጠብ አታልብሺ። እንዳይጨማደድ የሚቀባ ሙጫ አንዳንዴ ፎርማልዲሃይድ ይለቃል። ጠቆር ያለ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ደግሞ ሳይጠብቅ የቀረ ቀለም አለ፤ ለቆዳ አለርጂ ከሚታወቁት ቀለሞች ጥቂቶቹ እዚያ ናቸው። የዘመድ ልጅ ለብሶት ያረጀ፣ ሃምሳ ጊዜ የታጠበ ካናቴራ ከተሰጠሽ አመስግነሽ ተቀበይ። ከአዲሱ ይሻላል።

የጓደኛሽን ሐር በተመለከተ መልስ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በእንግሊዝ አገር 300 ችፌ ያለባቸው ልጆች ለስድስት ወር ተጠንተው ነበር። ግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የሐር ልብስ ለበሱ። ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር በችፌያቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ልጆቹ ከአንድ ዓመት በላይ ነበሩ፣ ያንቺ ትንሽ ነው፤ ግን ለሰባት ወር ልጅ ሐር ተአምር ይሠራል የምልበት ምክንያት የለኝም።

ሙቀት ግን በደንብ ያዢው። ላብ ያሳክካል፤ ማሳከክ ማከክን ያመጣል፤ ማከክ ችፌውን ይቀሰቅሳል። ብዙ እናቶች ሳሙናውን እየወቀሱ ልጁን በሦስት ልብስ ጠቅልለው ያስተኙታል። እጁና እግሩ ቢቀዘቅዝ አይግረምሽ፣ የሕፃን እጅ እንደዚያ ነው። ማጅራቱን ዳብሺ። ትኩስ ወይም እርጥብ ከሆነ አንድ ልብስ አውልቂለት። አንድ ወፍራም ከሚሆን ሁለት ስስ ይሻላል፣ አንዱን ማውለቅ ስለሚቻል። ሌሊት የሚያክክ ከሆነ እጅጌው ጫፍ ላይ መታጠፊያ ጓንት ያለው ፒጃማ አለ፤ እሱ በቀላሉ ከሚወልቅ ልቅ ጓንት ይሻላል። ጥፍሩን ደግሞ እንቅልፍ ላይ እያለ ቁረጪ፤ ሌላ ጊዜ አይሆንልሽም።

ቅባት ስትቀቢው ልብሱ ቅባት መጠጣቱ አይቀርም። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ቅባት የጠጣ ጨርቅ እየጠነከረ፣ እየሸተተ ይሄዳል፣ የማሽኑንም ላስቲክ ያበላሻል። ለልጁ ጥቂት የቅባት ፒጃማ ለይተሽ ያዢ፤ ጨርቁ ከቻለው በ60 ዲግሪ እጠቢ። ከዚህ የሚበልጥ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቅባት የደረቀበት ጨርቅ እሳት ሲነካው በፍጥነት ይነዳል። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ነገር አስጠንቅቋል። ቫዝሊን መሰሉ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹም ቅባቶች እንደዚያው ናቸው፤ ማጠብ ስጋቱን ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ቅባት መቀባቱን አታቁሚ፤ ልጁን፣ አንሶላውንና ያንቺን ልብስ ግን ከሻማ፣ ከሲጋራና ከምድጃ አርቂ።

ሐኪሙ ያዘዘውን ክሬም ደግሞ ፈርተሽ አትቆጥቢው። ደብዳቤሽ ላይ ስለ ሳሙና ብዙ ጽፈሽ ስለ ክሬሙ አንድ መስመር ብቻ ጽፈሻል፤ እሱ ነው የገረመኝ። የነደደ ችፌ በሳሙና ለውጥ አይበርድም። ቆዳው ጠቆር ያለ ከሆነ ቁጣው ቀይ ላይመስል ይችላል፤ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም ግራጫ ሆኖ ይታያል፣ በእጅሽ ስትዳብሺው ግን ይሞቃል፣ ይሻክራል። ውሃ የሚያዥ ቢጫ ቅርፊት ካየሽ በዚያው ቀን አሳዪው። በአንዴ የሚበዙ፣ የሚያሙ፣ ክብ ክብ ጥቃቅን ቁስሎች ከወጡበት ወይም ትኩሳት ከያዘው አትጠብቂ፤ ያ የሄርፒስ ቫይረስ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ድንገተኛ ነው። ሳሙናውን አስተካክለሽ፣ ክሬሙን በደንብ ቀብተሽ፣ ሽፍታው ልብስ በሚነካው ቦታ ብቻ ከቀረ ደግሞ ለቆዳ ሐኪም የአለርጂ ምርመራ ጠይቂ።

የቀረው የእናትሽ ሹራብ ነው። ሱፍ የሚያሳክከው ብዙውን ጊዜ አለርጂ ሆኖ አይደለም። ወፍራም የሱፍ ጭራ ቆዳውን ስለሚወጋ ነው። በጣም ቀጭኑ የሜሪኖ ሱፍ እንዲያውም ሌላ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በአውስትራሊያ በ39 ከሦስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ ተሞክሮ፣ ከጥጥ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሱፉም ተራ ሱፍ አልነበረም። የእናትሽን ሹራብ በከንፈርሽ ወይም በክንድሽ ውስጠኛ ክፍል ዳብሺው። ከወጋሽ እሱንም ይወጋዋል። ከሥሩ ረጅም እጅጌና ከፍ ያለ አንገት ያለው ጥጥ አልብሰሽ፣ ከላይ ለአጭር ጊዜ አድርጊለት፣ እናትሽ በመጡ ቀን። ፎቶ አንሺው። ከዚያ አውልቀሽ አስቀምጪው። ሰው ሰፋ አድርጎ ከሠራው፣ በሁለተኛ ዓመቱም ይገባዋል።